የማርያም መቀነትና የሳይንስ ሥዕል

የሳይንስ ሥዕል ሲቀርብልን «ይህን ቀለም ማን ሰጠው?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የአየር ጠባይ ካርታ፣ የአንጎል ሥዕል፣ በማይክሮስኮፕ የተነሣ ሕዋስ፣ ከሳተላይት የታየ ምድር ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ ነገሩ በተፈጥሮው እንደዚያ ያለ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ የምናየው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከነገሩ የተገኘ ሳይሆን ሰው አስቦበት፣ አንዳንዴም ሳያስብበት፣ የመረጠው ነው።

ለምሳሌ ያህል በ2019 በሚያዝያ ወር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ መካከል ያለው የጥቁር ጉድጓድ ሥዕል ለዓለም ቀረበ። ሁላችንም የምናስታውሰው እንደ ፍም የሚያበራውን ብርቱካናማ ቀለበት ነው። ነገር ግን ቴሌስኮፖቹ የተቀበሉት ርዝመቱ 1.3 ሚሊ ሜትር የሆነ የሬዲዮ ሞገድ ነበር። ይህን ሞገድ የሰው ዓይን አያየውም፤ ብርቱካናማም፣ አረንጓዴም አይደለም። ተመራማሪዎቹ በእጃቸው የነበረው የሞገዱን ብርታት የሚነግር ቁጥር ነው። ደካማው ጨለማ፣ ብርቱው ደማቅ ሆኖ እንዲታይ ቀለም መርጠው አለበሱት። ይህን ስል ዋሹ ለማለት አይደለም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ቀለሙ ግን ቋንቋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ «ይህ የሳይንስ ፋኩልቲ ጉዳይ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» ይል ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ቀለም ቋንቋ ከሆነ፣ ተናጋሪው ያሰበውን በትክክል ተናግሯል ወይ፣ ሰሚውስ ሊሰማው ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ የኛም ሥራ ነው። ደግሞም በፋኩልቲያችን ካርታ የሚሥሉ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ሞልተዋል።

ከቁጥር ወደ ቀለም

ማንኛውም በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥዕል መሠረቱ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። መሣሪያው እያንዳንዷን ነጥብ ይለካና ቁጥር ይሰጣታል። በተለመደው ዓይነት ሥዕል ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ፤ 256 ደረጃዎች ናቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቀለም የሚመድብ ዝርዝር ያስፈልጋል። ይህን ዝርዝር በዚህ ጽሑፍ «የቀለም መሰላል» እለዋለሁ፤ ዓይናችን ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ የሚወጣበት ነውና።

ከአንድ መሰላል የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ላይና ታቹ ሳይጠየቅ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ቁጥሩ በ10 ሲጨምር ለዓይናችን የሚታየው ለውጥ ከታችም ሆነ ከላይ ተመሳሳይ መሆን ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ሥዕሉን የሚያነበው ሰው ሁሉ ሊወጣበት የሚችል መሆን አለበት።

ጥንታዊውና ቀላሉ መሰላል ከጥቁር ተነሥቶ በግራጫ በኩል ወደ ነጭ የሚሄደው ነው። በሐኪም ቤት የምናየው የራጅ ሥዕል በዚህ ዓይነት የተሠራ ነው። ከግራጫ ቁራጮች መካከል የቱ ይበልጥ እንደሚነጣ ለሕፃን ቢሰጡት እንኳ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። የግራጫ ጉድለቱ አንድ ነው፤ ዓይናችን የግራጫን መጠን የሚገምተው በዙሪያው ካለው ጋር እያነጻጸረ ስለሆነ ያው ግራጫ በጥቁር መካከል የነጣ፣ በነጭ መካከል የጠቆረ መስሎ ይታያል። ስለዚህ አንድን ነጥብ አይቶ «ይህ ቁጥር ይህን ያህል ነው» ለማለት ያስቸግራል። ቀለም የሚጨመርበት ትክክለኛው ምክንያትም ይህ ነው።

መሰላል ሳይሆን ዳገትና ቁልቁለት

ችግሩ የመጣው ቀለሙን ለመጨመር ሲባል በቀስተ ደመና፣ አገሬው የማርያም መቀነት በሚለው አምሳል መሰላል በመሠራቱ ነው። ይህ መሰላል ከሰማያዊ ተነሥቶ በውሃ ሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቢጫ አልፎ በቀይ ይጨርሳል። መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ማትላብ የተባለው ፕሮግራም ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ በቀር «ጄት» የተባለውን የዚህ ዓይነት መሰላል ለብዙ ዓመታት ራሱ ይሰጥ ነበር። ብዙ ሰው የተጠቀመበት ስለመረጠው ሳይሆን ስለተሰጠው ነው።

የማርያም መቀነት በሰማይ ላይ ውብ ነው። ለልኬት ግን ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛው ጉድለት ላይና ታች የሌለው መሆኑ ነው። አረንጓዴ ከቢጫ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? የሚያውቅ የለም። «የቀስተ ደመና ቀለማት በተፈጥሮ በሞገድ ርዝመት የተደረደሩ አይደሉም ወይ?» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ዓይናችን የሞገድን ርዝመት እንደ ብዛትና እንደ ማነስ አይቀበለውም። ሰማያዊን ሰማያዊ፣ ቀይን ቀይ ብሎ ይቀበላል እንጂ አንዱን ከሌላው አያስበልጥም። ስለሆነም አንባቢው በየጊዜው ዓይኑን ወደ ቁልፉ እየመለሰ የቀለሞቹን ትርጉም መሸምደድ ይገደዳል።

ሁለተኛው ጉድለት በብርሃን መጠን ነው። በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የነጭ ብርሃን 100 ነው ብንል፣ ዓይን የሚቀበለው የንጹሕ ሰማያዊ ብርሃን 7 ያህል ብቻ ነው። የውሃ ሰማያዊ 79፣ የአረንጓዴ 72፣ የቢጫ 93፣ የቀይ ደግሞ 21 ይሆናል። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ይመልከት። ቁጥሩ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ሲወጣ ብርሃኑ ከ7 ወደ 79 ይዘልላል፤ ወደ 72 ዝቅ ይላል፤ 93 ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ 21 ይወድቃል። ይህ መሰላል ሳይሆን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ከመካከለኛው ይልቅ ጨልሞ ይታያል። ገጹ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲነሣ ትልቁም ትንሹም ጥቁር ሆነው ይቀራሉ።

ሦስተኛው ጉድለት የሌለ ድንበር መፍጠሩ ነው። ዓይናችን ከውሃ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚደረገውን ሽግግር እንደ መስመር ያየዋል። ቁጥሩ በዝግታ የሚለዋወጥበት ቦታ ላይ ቢጫ ቀለበት ብቅ ሲል አንባቢው «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይላል፤ በልኬቱ ውስጥ ግን ምንም የለም። በአንጻሩ ደግሞ አረንጓዴው ሰፊ ቦታ ይዞ ስለሚዘረጋ በውስጡ ያለው እውነተኛ ልዩነት ይሰወራል። የሌለውን አሳይቶ ያለውን የሚደብቅ ምስክር በፍርድ ቤት አይታመንም፤ በላቦራቶሪስ ለምን ይታመናል?

ጉዳቱ በሰው ሕይወት ላይ

ነገሩ የጣዕምና የውበት ክርክር ብቻ የሚመስለው ካለ በ2011 የታተመውን የሐርቫርድ ጥናት ይመልከት። የተጠናው የልብ ደም ሥሮች ሥዕል ነበር። ደም የሥሩን ግድግዳ እየታከከ ሲያልፍ የሚያሳድረው ኃይል ዝቅ ባለበት ቦታ ለልብ በሽታ ምክንያት የሚሆን ዝቃጭ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ እነዚያን ዝቅተኛ ቦታዎች ማግኘት ለሐኪሙ ዋና ነገር ነው። የሕክምና ተማሪዎች ሥዕሉ ተሰጥቷቸው አደገኛዎቹን ቦታዎች እንዲያመለክቱ ተጠየቁ። በተለመደው፣ ማለት በሦስት አቅጣጫ በሚታየውና በማርያም መቀነት በተቀባው ሥዕል ላይ ያገኙት ከ100 እጅ 39ኙን ብቻ ነበር። ሥዕሉ ሳይለወጥ ቀለሙ ብቻ ሲቀየር 71 ደረሰ። የሥዕሉ አቀማመጥም ተሻሽሎ በአንድ ገጽ ላይ ተዘርግቶ ሲቀርብላቸው 91 ሆነ።

እነዚህን ቁጥሮች ደግመን ብናስብባቸው ይገባል። መሣሪያው አልተቀየረም፤ የታማሚውም ልብ ያው ነው፤ የተማሪዎቹም እውቀት አልጨመረም። የተለወጠው ቀለም ብቻ ሆኖ ሳለ ከዚያ በፊት ዓይን ያለፋቸው ብዙ አደገኛ ቦታዎች ታዩ።

የማያየው ማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ዓይናቸው ቀለም ሁሉ ስለሚለይ አንባቢዎች ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው እንደዚያ አይደለም።

የአቶምን ሐሳብ በኬሚስትሪ ትምህርት የምናውቀው እንግሊዛዊው ጆን ዶልተን ቀይን ከአረንጓዴ መለየት አይችልም ነበር። በ1794 ስለ ራሱ ዓይን ለማንቼስተር ምሁራን ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሌሎች ሮዝ የሚሉት የጄራኒየም አበባ ለእርሱ በቀን ሰማያዊ፣ በሻማ ብርሃን ደግሞ ቀይ ሆኖ እንደሚታየው ገለጸ። ወንድሙም እንደ እርሱ ነበር። ዶልተን ምክንያቱ በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ መሆኑ ነው ብሎ ስላመነ፣ ሲሞት ዓይኑ እንዲመረመር አዘዘ። በ1844 ሲሞት ተመረመረ፤ ፈሳሹ ግን ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ተጠብቆ ከቆየው ዓይኑ በተወሰደ ዲ ኤን ኤ ምክንያቱ ታወቀ፤ መካከለኛውን የብርሃን ሞገድ የሚቀበለው ዘረ መል አልነበረውም።

የሰሜን አውሮፓ ተወላጅ ከሆኑ 100 ወንዶች 8 ያህሉ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለዩም፤ ከሴቶች ግን ከ200 አንዲት ያህል ናት። ልዩነቱ የሚመጣው ዘረ መሉ ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይተካል፤ ወንድ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። በሌሎች ሕዝቦች መካከል ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም በእኛም አገር እንዲህ ያለ ዓይን ያላቸው አሉ። ብዙ ወንዶች ባሉበት ክፍል ውስጥ አንድ እንኳ አለመኖሩ ያስገርማል። ምናልባትም ይህ ተማሪ ሌሎች ሁሉ ያዩትን ሥዕል እርሱ ማየት ሲያቅተው ጥፋቱን ከሥዕሉ ሳይሆን ከራሱ አእምሮ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚጎዳው የሕዋስ ሥዕል ነው። በማይክሮስኮፕ ሥራ ሁለት ፕሮቲኖች በሚያበሩ ንጥረ ነገሮች ምልክት ይደረግባቸውና ካሜራው እያንዳንዱን ለየብቻ በግራጫ ያነሣዋል። ከዚያ ተመራማሪው አንዱን አረንጓዴ፣ ሌላውን ቀይ አድርጎ ይደራርባቸዋል፤ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ቢጫ ይወጣል። የጥናቱ መደምደሚያ ሁሉ ያረፈው በዚያ ቢጫ ላይ ነው። ለዶልተን ዓይነት አንባቢ ግን ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቢጫውም ወደ አንድ የደፈረሰ ቀለም ይቀራረባሉ። መድኃኒቱ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ቀዩ ወደ ሮዝ ባደላ ሐምራዊ፣ ማጀንታ በሚባለው ቀለም ቢተካ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነጭ ሆኖ ለሁሉም ይታያል። ከዚህም ጋር እያንዳንዱን ሥዕል ለየብቻ በግራጫ ማሳየት ይበጃል። ኢሜጅጄ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይህን ለመሥራት ያስችላል።

ማስጠንቀቂያውና መፍትሔው

ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። ሮጎዊትዝና ትሬይኒሽ የተባሉ ተመራማሪዎች የማርያም መቀነት እንዲቀር በ1998 ጽፈው ነበር። ቦርላንድና ቴይለር በ2007 ጉዳቱን እንደገና ዘረዘሩ። ሰሚ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ማትላብ በ2014 ጄትን ከመደበኛ ቦታው አንሥቶ ፓሩላ በተባለ መሰላል ተካው። በፓይተን ቋንቋ ለሚሠሩት የሚያገለግለው ማትፕሎትሊብ ደግሞ ስቴፋን ቫን ደር ዋልትና ናታንኤል ስሚዝ ያዘጋጁትን ቪሪዲስ በ2017 መደበኛው አደረገ። ቪሪዲስ ከጠቆረ ሐምራዊ ተነሥቶ በአረንጓዴ አልፎ በቢጫ ይጨርሳል፤ ብርሃኑ ከታች እስከ ላይ ሳያቋርጥ ይጨምራል። በ2018 ሦስት ተመራማሪዎች ቀለም ለማይለዩ ሰዎች በተለይ የታሰበውን፣ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚሄደውን ሲቪዲስን አቀረቡ። በ2020 ደግሞ ፋቢዮ ክራሜሪና ሁለት ባልደረቦቹ በሳይንስ ውስጥ ስላለው የተሳሳተ የቀለም አጠቃቀም ሰፊ ጽሑፍ አሳተሙ።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ሥዕል የሚሆን አንድ መሰላል የለም። የካርታ ሊቅ የሆነችው አሜሪካዊት ሲንቲያ ብሩወር እንዳስተማረችው በመጀመሪያ የልኬቱን ጠባይ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልኬቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዝናብ መጠን ወይም የሕዝብ ብዛት፣ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መሰላል ይበቃል። ልኬቱ መካከለኛ ነጥብ ካለው፣ ለምሳሌ የሙቀት መጠን ከአማካዩ በላይና በታች መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ፣ ከመካከል ነጣ ብሎ በሁለት ወገን በሁለት የተለያዩ ቀለሞች የሚጠቁር ይመረጣል፤ ሰማያዊና ቀይ ለዚህ ይስማማሉ። ልኬት ሳይሆን ዓይነት ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአፈር ወይም የዐለት ዓይነት፣ አንዱ ከሌላው የበለጠ እንዳይመስል እኩል ጎልተው የሚታዩ፣ ግን የተለያዩ ጥቂት ቀለሞች ይመረጣሉ።

አራተኛው ዓይነት እንደ ሰዓት ዞሮ የሚመለስ ልኬት ነው። ለዚህ ከአገራችን የተገኘ ምሳሌ አለ። በመስከረም 2005 በአፋር፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ቅልጥ ዐለት ከምድር በታች ገብቶ መሬቱን በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በተካፈሉበት ጥናት የመሬቱ እንቅስቃሴ ከሳተላይት በራዳር ተለካ። የራዳሩ ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ መሬቱ ወደ ሳተላይቱ በ2.8 ሴንቲ ሜትር በቀረበ ወይም በራቀ ቁጥር ልኬቱ አንድ ዙር ጨርሶ ከመነሻው ይጀምራል። ሥዕሉ በቀለበት ላይ ቀለበት የሆነው ለዚህ ነው፤ ቀለበቶቹን መቁጠር መሬቱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ መሰላሉ ዞሮ መነሻውን መንካቱ ስሕተት ሳይሆን የልኬቱ ጠባይ ነው። እንግዲህ የምንነቅፈው የቀለማት ብዛትን ሳይሆን ከልኬቱ ጋር አለመስማማታቸውን ነው።

አንድ ተቃውሞ

«ብዙ ቀለም ባለበት ጥቃቅን ልዩነት ጎልቶ ይታያል፤ ደግሞም ለምደነዋል» የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። በዚሁ ምክንያት በ2019 በጉግል ቱርቦ የተባለ የለሰለሰ የማርያም መቀነት ተሠርቷል፤ በጄት የሚታዩትን ብዙ የሐሰት ድንበሮች አስወግዷል። ሆኖም እርሱም በሁለቱ ጫፎች ስለሚጨልም በጥቁርና ነጭ ላይ ትልቁን ከትንሹ መለየት አይቻልም። ስለ ልማድ የተባለውን ደግሞ ልማድ ማስረጃ አይደለም ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ለተማሪ የሚሆን ምክር

የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የላቦራቶሪ ዘገባ ለሚያዘጋጁ ጓደኞች የሚከተለውን አቀርባለሁ።

፩. ፕሮግራሙ የሰጣችሁን ቀለም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ልኬቱ ከአራቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

፪. ከሥዕሉ አጠገብ ቁጥርና መለኪያ ያለበት ቁልፍ አድርጉ። ቁልፍ የሌለው ሥዕል ጌጥ ነው።

፫. ሁለት ሥዕሎች ለማነጻጸር ስትፈልጉ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መሰላልና አንድ ዓይነት መነሻና መድረሻ ተጠቀሙ። አለዚያ ተመሳሳዩ ቀለም በአንዱ 10፣ በሌላው 50 ሊሆን ይችላል።

፬. ነገሩን ለቀለም ብቻ አደራ አትስጡ። መስመር፣ ቅርጽ፣ ፊደል ጨምሩበት፤ ከአማካይ በላይና በታች ለሆነውም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ጻፉበት።

፭. በመጨረሻ ሥዕሉን በጥቁርና ነጭ አባዙት። ይህ መጽሔት ራሱ በማባዣ መኪና በአንድ ቀለም ስለሚወጣ ፈተናው ለኛ እንግዳ አይደለም። ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ ልኬት ከማባዣው ወጥቶ አሁንም ላይና ታቹ ከታወቀ መሰላሉ ደኅና ነው። ካልታወቀ ግን ቀለሙ ሸፍኖት የነበረው ጉድለት ተጋለጠ ማለት ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የሳይንስ ሥዕልም መጀመሪያ መናገር፣ ከዚያ ማማር አለበት። በትክክል የለካ ሰው ልኬቱን በተሳሳተ ቀለም ቢያቀርበው አንባቢውን ከማሳሳት አይድንም፤ አንባቢው የማያየውን ቀለም ቢመርጥም በሩን ዘግቶበት እንደ ተናገረ ይቆጠራል። ነገ ከመካከላችን አንዱ የአፈር ካርታ ለገበሬ፣ ሌላው የልብ ሥዕል ለሐኪም፣ ሦስተኛው የዝናብ ትንበያ ለወረዳ ያቀርባል። ያን ጊዜ ቀለሙን የሰጠው ተፈጥሮ አይደለም፤ እኛ ነን። ስለዚህም ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።